ግማሹ ጎተንበርግ፣ ግማሹ ደብረ ማርቆስ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ አልበረታብዎም? እኛ ከእናቴ ዐይን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ መጻፍ ፈርቼ ነበር። እርስዎ አያስታውሱኝም ይሆናል። የአክስትዎ ልጅ የአሰገደች የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ እስከዳር እባላለሁ። አምበር የመጡ ጊዜ ገና ሕፃን ነበርኩ። ሰላም በያቸው ሲሉኝ ከጎተራው ኋላ ገብቼ አልወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። አንብቢ ከተባልኩማ ድምፄ ይጠፋል። ስጽፍ ግን ይሻለኛል።

አሁን ደብረ ማርቆስ፣ እትዬ ጥላነሽ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ አወጣለሁ። ቅዳሜ ማታ ሚኒባስ ይዤ አምበር እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ።

እናቴ በስልክ የነገረችዎ ነገር እየባሰ ነው። ከፊቷ ያለውን ታያለች፤ ከጎኗ የሚመጣውን ግን አታይም። በቀደም አባቴ ከጎኗ ሆኖ ብርጭቆ ሲያቀብላት ሳታየው መሬት ወደቀ።

«አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» አለችው።

«ካገባሁሽ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አላት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐኪሙ ራሷን በኤም አር አይ መሣሪያ አስነስቶ ሥዕሉን በሲዲ ሰጥቶናል፤ ከአንጎሏ ሥር ትንሽ ዕጢ በቅላ የዐይኗን ጅማት ተጭናዋለች ብሏል። አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና የተቀጠረችው ኅዳር 23 ነው። እሷ ግን አልሄድም ብላለች። «ራሴን ፈልጠው ከከፈቱት አልመለስም። ይታያል ያለበት አገር ያለ ሐኪም ሥዕሉን አይቶ ሂጂ ካለኝ ያን ጊዜ እሄዳለሁ» ትላለች። አባቴ ለመናት፣ የንስሐ አባቷም ለመኗት፤ እምቢ አለች። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚሆን አይታወቅም።

እርስዎ ደግሞ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ሲዲውን ሙሉውን ላኩ ብለዋል። እኔም ከሲዲው ወደ ስልኬ ገልብጬ ለመላክ እሞክራለሁ። ግማሽ ሳይደርስ ወይ መብራት ይሄዳል ወይ መስመሩ ይቋረጣል። ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የስልክ ኢንተርኔት እኛ ዘንድ ስለማይሠራ ያለን የሱቁ ዋይፋይ ብቻ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር ደግሞ ድረ ገጽ አልከፍትም ካለ ቆየ። እትዬ ጥላነሽ «እርጅና ነው፣ እኔም አንዳንዴ እንዲህ ያደርገኛል» ይላሉ።

ደብዳቤ ቀላል ስለሆነ ያልፋል። የማያልፈው ሥዕሉ ነው። ምን ላድርግ?

አክባሪዎ
እስከዳር አማረ


ኦክቶበር 25፣ 2024
ጎተንበርግ

ለእህቴ ልጅ ለእስከዳር፣

ያሳደገን ደብር ታቦት አንቺንም እናትሽንም ከክፉ ይጋርዳችሁ። ከጎተራ ኋላ የተደበቀችውን ልጅ መች ረሳኋት። ጭንቅላቷን ደብቃ እግሯን ውጭ ረስታው ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ከሚጠግኑት አንዱ ነኝ። የራስ ቀዶ ጥገና የምትሠራዋን ሐኪም ግን አውቃታለሁ። ሥዕሉ ሲደርስ አይልሻለሁ ብላኛለች።

ችግሩ መቋረጡ አይደለም፣ ከዜሮ መጀመሩ ነው። እናትሽ ስትፈትል ፈትሉ ቢበጠስ እስካሁን የፈተለችውን ትጥለዋለች? ጫፉን ፈልጋ ትቀጥላለች እንጂ። ፋይልም እንደዚሁ ነው። የደረሰው ያህል እኔ ዘንድ ይቀመጣል። መስመሩ ሲመለስ የእኔ ኮምፒውተር «እስከዚህ አለኝ» ይላል፤ ያንቺው ከዚያ ይቀጥላል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ራሴ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከስልክሽ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጪው።

በሲዲው ያለውን ሁሉ አንድ ፋይል አድርገሽ ጠቅልይው። ከጠቀለልሽው በኋላ አትንኪው። እንደገና ከጠቀለልሽው ሌላ ፋይል ይሆንና የደረሰው ግማሽ ከቀረው ግማሽ ጋር አይገጥምም።

አንድ ጥንቃቄም ጨምሬበታለሁ። ፕሮግራሙ የሁለታችንን ፋይል ቀን ያያል። እኔ ዘንድ ያለው ካንቺው የበለጠ አዲስ ከሆነ አይነካውም። በስህተት አሮጌ ነገር በላዩ እንዳይጻፍበት ብዬ ነው።

ትምህርትሽን የት አደረስሽው? የእናቴ ቤትስ እንዴት ሆነ? እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቱን አይቼዋለሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።

ይታያል


ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ደስታዬን ምን ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም። ሥዕሉ ሄዶልዎታል!

ሰኞ ጠቅልዬ ማክሰኞ ጀመርኩት። በመቶ አንድ፣ በመቶ ሁለት እያለ ቀስ ብሎ ይወጣል። እትዬ ጥላነሽ መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ይቺ ቁጥር የቤት ኪራይ ትመስላለች፤ መውጣት እንጂ መውረድ አታውቅም» አሉኝ።

ሃምሳ ስምንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በዚያ ቀን አልተመለሰም። ረቡዕ ጠዋት መጣ። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታለች። እኔ ጠዋት ጠዋት የግድግዳውን ካላንደር እያየሁ አስተካክልለታለሁ፤ ቀኑ የተሳሳተ ማመልከቻ የሚቀበል ቢሮ የለም። እንደ ልማዴ ቀኑን አስተካክዬ ፕሮግራምዎን ከፈትኩት። ገና ከመክፈቴ «ተጠናቅቋል» አለኝ። የቀረውን እንዲህ በፍጥነት መውሰዱ ገረመኝ። ጫፉን ፈልጎ ይቀጥላል ያሉኝ ይህን ነው አልኩ።

ለእናቴ ወዲያው ደወልኩላት። ስልኩን ይዛ እልል ስትል ጎረቤት ሁሉ ሠርግ መስሎት መጣ። «እንግዲህ የይታያልን ቃል መጠበቅ ነው» ብላለች። ከእንግዲህ ቃሉ ከእርስዎ ነው።

እስከዳር


ኖቬምበር 9፣ 2024
ጎተንበርግ

ለእስከዳር፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ልኮኝ ስለነበር ዘግይቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ተመልሼ አየሁት። እኔ ዘንድ ያለው ሃምሳ ስምንት በመቶው ብቻ ነው። ፋይሉ ጎዶሎ ስለሆነ አልከፈት አለ። ሐኪሟም የሚታይ ነገር የለውም ብላ መለሰችልኝ።

እባክሽ እንደገና ሞክሪ። ለእናትሽ ገና ነው በያት።

ስለ ቤቱ አልመለስሽልኝም።

ይታያል


ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ሞከርኩት። አሁንም ገና ስከፍተው «ተጠናቅቋል» ይላል። ትናንትም ዛሬም እንዲሁ ነው። ፋይሉን አልነካሁትም።

ለእናቴ ገና ነው ማለት አልቻልኩም። ዕለት ዕለት እየደወለች «ምን አለ?» ትላለች። እኔም «እያዩት ነው» እላለሁ።

እስከዳር


ኖቬምበር 17፣ 2024
ጎተንበርግ

ለእስከዳር፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። የምናገረው ቢመርሽም ስሚኝ። ፕሮግራሙን እዚህ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ እየቆረጥኩ እንደገና ስጀምረው በትክክል ይቀጥላል። ችግሩ እኔ ዘንድ አይደለም። ያልነገርሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝ። ፋይሉን ደግመሽ ጠቅልለሽው ይሆን? ሲዲው ተጭሮ ይሆን? አልነካሁትም ብቻ ብለሽ ዝም አትበይ።

ሐኪሟ በዚህ ወር መጨረሻ ለረጅም ዕረፍት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እኔም የምለምነው ሰው የለኝም።

ይታያል


ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቅዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ግን ተቀይሜ ከምቀመጥ ነገሩን ባውቀው ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ አምበር ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ደጅ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። «ደረሰ ያልኩሽ ሥዕል ግማሹ ብቻ ነው የደረሰው» አልኳት። ደንግጣ ነው መሰለኝ ፈትሉ ከእጇ ተበጠሰ። ጫፉን በዐይኗ ልታገኘው አልቻለችም፤ በጣቷ ዳብሳ አገኘችውና ቀጠለችው። ከዚያ «ታዲያ ቀሪውን ላኪያ!» አለችኝ።

ዛሬ በዓል ስለሆነ ሱቁ ጭር ብሏል። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። እስከ ዛሬ የማየው መጨረሻ ላይ ያለውን «ተጠናቅቋል» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ከበላዩ ያሉትን መስመሮች እንግሊዝኛ ስለሆኑ እዘላቸው ነበር። ዛሬ ግን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ከእኔ ፋይል አጠገብ 2017 ይላል፤ ከእርስዎ ፋይል አጠገብ 2024 ይላል። ከሥራቸው «ኦልደር» የሚል አለ። ኦልድ ማለት አሮጌ መሆኑን ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ።

ቀና ስል የግድግዳው ካላንደር ፊት ለፊቴ ነው፤ 2017። ስልኬን ከፍቼ ደብዳቤዎቻችንን አየኋቸው። በእኔዎቹ ራስጌ 2017፣ በእርስዎዎቹ ራስጌ 2024። ጋሼ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኮምፒውተሩ የእኛን ዘመን ነው የሚቆጥረው፤ እኔው ራሴ ጠዋት ጠዋት እየሞላሁለት። ሥዕሉን የጠቀለልኩትም በዚሁ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራምዎ ታዲያ የእኔን ፋይል የሰባት ዓመት አሮጌ አድርጎ ያየዋል። «አዲሱ እዚያ አለ» ብሎ ምንም ሳይልክ ጨረስኩ ይለኛል። መጀመሪያ ቀን የሄደው እርስዎ ዘንድ የሚያወዳድረው ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል።

ለእትዬ ጥላነሽ ሄጄ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የፈረንጅ ቀን ነው።»

«በኔ ሱቅ? ማመልከቻውን በ2024 ጽፈሽ ለደንበኞቼ ስጫቸዋ! ጸሐፊዋ ‹እማማ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ይምጡ› ትበላቸው!»

«ማመልከቻው ላይ ቀኑን በእጄ እጽፈዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍ አለሽ ለካ» አሉኝ። በነገር መሐል መልስ ስሰጣቸው የመጀመሪያዬ ነው። እሺም እምቢም ሳይሉ ወጡ።

አትንኪው ስላሉኝ ሳልጠይቅዎ ምንም አልነካሁም። ቀኑን ልቀይረው? የፋይሉስ ቀን ምን ይሁን? ከቀጠሮው በፊት የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የሚሉኝን አደርጋለሁ።

እስከዳር


ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ለብልኋ ለእስከዳር፣

ከላይ ያለውን ቀን አይተሽ አትደንግጪ። ዛሬ ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበርና እዚህ ላለ ያገር ሰው ደውዬ ነው የጠየቅሁት። እንዲህ ሆኛለሁ። አምበር ተወልጄ፣ ካላንደር ከቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አድጌ፣ ፕሮግራሙን ስጽፍ አገሬ በስንተኛው ዓመት ላይ እንዳለች አንዴም ትዝ አላለኝ። የአንቺ ቀን ትክክል ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ስላመናጨቅሁሽም ይቅርታ አድርጊልኝ።

ፋይሉንም ቀኑንም አትንኪ። የሚቀየረው እኔ ዘንድ ያለው የፕሮግራሙ ክፍል ነው፤ ቀይሬዋለሁ። ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ቀን አይጠይቅም፤ ስንት ደረሰ፣ ስንት ቀረ ብቻ ነው የሚለው። እንደ በፊቱ ክፈችው።

ለእትዬ ጥላነሽም ኮምፒውተሩ ድረ ገጽ የማይከፍተው አርጅቶ ሳይሆን በዚሁ ቀን የተነሳ ድረ ገጾቹን ስለማያምናቸው መሆኑን ንገሪልኝ። እሳቸውም አላረጁም በያቸው።

ሐኪሟ ኅዳር 19 ከሰዓት በኋላ ትወጣለች። እስከዚያ ድረስ ከደረሰ አይታው ትሄዳለች። አይዞሽ።

ይታያል


ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ቀጠለ! ትናንት ስከፍተው በመቶ ሃምሳ ስምንት ብሎ ጀመረ። ከዜሮ አይደለም። እትዬ ጥላነሽን ስጠራቸው ደንበኛቸውን ከነፎቶው ትተው መጡ። «ካቆመችበት ነው የተነሳችው? ይቺስ ኪራይ አይደለችም፣ በቅሎ ናት፤ መንገዱን ታውቃለች» አሉ።

ሰባ ሦስት ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ሲመለስ ከሰባ ሦስት ቀጠለ። ሰማንያ ስድስት ላይ መብራት ሄደ። እትዬ ሱቁን ዘግተው ሲወጡ ቁልፉን ሰጡኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ዛሬ ማለዳ መብራት ሲመጣ እኔ በር ላይ ነበርኩ። አሁን በመቶ መቶ ሆኖ «ተጠናቅቋል» ብሏል። እኔ ግን ይህን ቃል ከእንግዲህ በባዶው አላምነውም። የፋይሉን መጠን ከነቁጥሩ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ካለው ጋር ያስተያዩት። ለእናቴም የምደውለው አንድ ነው ሲሉኝ ብቻ ነው።

ጠይቀውኝ ያልመለስኩልዎ ነገር ነበር። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል፣ ሁለተኛው መንፈቅ ላይ አቆምኩ። መምህሩ ክፍል ፊት አቁሞ ሲያስነብበኝ ድምፄ ጠፋ፤ ተሳቀብኝ፤ በማግስቱ ቀረሁ። ያኔ ቤት ያሉት ያመመኝ መስሏቸው ነበር፤ እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም።

የእናትዎ ቤት ቆርቆሮው በአንድ ወገን ተነቅሏል፤ ክረምት ክረምት ውሃ ይገባበታል። ግድግዳው ግን ቆሟል። ያልነገርኩዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። ግማሽ ነገር ግን ለማንም እንደማይጠቅም አሁን አየሁ።

እስከዳር


ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎተንበርግ

ለእህቴ ለአሰገደች እና ለእስከዳር፣

መጠኑ አንድ ነው። ፋይሉ ተከፈተ። ሐኪሟ ከመውጣቷ በፊት ኮቷን እንደለበሰች ተቀምጣ አየችው። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፤ እስከዳር ለእናትሽ አንብቢላት።

«የሚወስኑት እዚያ አገር ያሉት ሐኪሞች ናቸው፤ በሽተኛዋን የሚያዩዋት እነሱ ናቸውና። እኔ በሥዕሉ ላይ እንደማየው ግን ዕጢዋ ትንሽ ናት፣ ያለችበትም ቦታ በአፍንጫ በኩል የሚደረስበት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለችው የራስ ቅል ሳይከፈት ትወጣለች። እንዲህ ይሆንላት እንደሆነ ትጠይቃቸው። መዘግየት ግን የለባትም። የጠፋው እይታ በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። በቀጠሮዋ ቀን ትገኝ።»

አሰግዬ፣ የእኔን ቃል ስትጠብቂ ነበር። ቃሌ ሂጂ ነው።

ቤቱን እንዲህ ብለሽ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ፣ እስከዳር። ለፋሲካ መጥቼ ቆርቆሮውን ራሴ እመታለሁ። በእናንተ ካላንደር የትኛው ቀን እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ይታያል


ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለተከበሩ ጋሼ ይታያል፣

ደብዳቤዎን አነበብኩት። እትዬ ጥላነሽ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ቆመው ስለነበር ለእሳቸው በሹክሹክታ አነበብኩላቸው። «በአፍንጫ?» ብለው አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ለጉዞው ጋቢያቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ኮምፒውተሩንም የፈረንጁን ቀን እንድሞላለት ፈቀዱልኝ። «ግን ካላንደሬን ከግድግዳው እንዳታወርጂ» ብለዋል።

ለእናቴ በስልክ ልነግራት ፈለግሁና ተውኩት። አንድ ጊዜ በስልክ ደረሰ ብዬ በከንቱ እልል አሰኝቻታለሁ። ደግሞም በስልክ ብትሰማው ፊትሽን አላየሁም ብላ አታምነኝም፤ እንድታየኝ ፊት ለፊቷ መቆም አለብኝ።

ነገ ኅዳር ጽዮን ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ከመሐላቸው «ሄደሽ እንዳትሞቺ» የሚሏትም፣ «ሂጂ» የሚሏትም አሉ። መንገዱ ክፍት ከሆነ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እሑድ ማለዳ ከዚህ ይነሳል። ስለዚህ ነገሩ ነገ ማለቅ አለበት።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ አምበር እገባለሁ። ደብዳቤዎን አትሜ በከረጢቴ ይዤዋለሁ። ሰዉ ሲቀመጥ ከጎተራው ኋላ ሳይሆን ከፊቱ እቆምና፣ እናቴ በደንብ እንድታየኝ ፊት ለፊቷ ሆኜ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ድምፄ ከጠፋ እታገሣለሁ፤ ሲመለስ ከጠፋበት እቀጥላለሁ።

እስከዳር